ከመጠን በላይ ትክክል

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ በሌብነት ተጠርጥሬ አውቃለሁ። ሰረቅሽ የተባልኩትም ቁጥር ነው፤ ስድስት ቁጥር።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። በሰው አገር፣ ኦሮራ በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና አንድ ብሎክ ገባ ብሎ ባለ አፓርታማ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ጋር እኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ፓርክ ሂል ሰፈር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ሰው አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሎውሪ ሰፈርን አዳዲስ ቤቶች አቋርጬ ኮሌጅ እሄዳለሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ክፍል ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠኝ አስተማሪው ብቻ ነበሩ።

ምን ለመሆን እንደምማር ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ አልትራሳውንድ። አንድ ቀን መጦሪያው ውስጥ አንዲት ባለሙያ ማሽኗን እየገፋች መጥታ የአንዲት አሮጊት ልብ መረመረች። እኔ የሴትዮዋን እጅ ይዤ ቆሜያለሁ። ስክሪኑ ላይ ያ የሰማንያ ስምንት ዓመት ልብ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁት። ባለሙያዋ ምንም ሳትቆርጥ፣ ምንም ሳትወጋ፣ በድምፅ ብቻ ሰው ውስጥ ገብታ ትመለከታለች። ያንን ሥራ ተመኘሁት ብል ያንሳል። ቀናሁባት፤ ዕቃዋን ሰብስባ እስክትወጣ ድረስ ዓይኔን ከእጇ ላይ አላነሳሁም።

ፕሮግራሙ የሚቀበለው ጥቂት ሰው ነው። ፊዚክስ ላይ ጥሩ ውጤት ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፋይልሽ ላይ የማጭበርበር ነገር እንዳይገኝ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጥፋት የተመዘገበበትን ሰው ማመልከቻ እንኳን አያነቡለትም ተብለን ነበር።

የላቦራቶሪ ጓደኛዬ የመርካቶ ልጅ ነው። ታክሲ ይነዳል፣ ኢንጂነር መሆን ይፈልጋል፣ በሒሳብ ከእኔ ብዙ ይቀድማል። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየና አጠገቤ ተቀምጦ፣ “እኅቴ፣ እንግሊዝኛው ሲያልቅብን በአማርኛ እንጨርሰዋለን” አለኝ። እሱ ሶላቱን የማያሳልፍ ሙስሊም ነው፤ እኔ ደግሞ እሑዴን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የማሳልፍ ጴንጤ ነኝ። ፈተና በደረሰ ቁጥር፣ “አንቺ በዚያ በኩል ለምኚ፣ እኔም በዚህ በኩል እለምናለሁ፤ በአንዱ ይደርሰናል” እያለ ያስቀኝ ነበር።

የዚያ ሳምንት ርዕስ ሃርሞኒክ ነበር። ቃሉን ከዚያ በፊትም ሰምተነዋል፤ ስፕሪንግ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ሽቅብ ቁልቁል ሲል ያ እንቅስቃሴ ሃርሞኒክ ነው ተብለናል። አሁን ደግሞ በክር መጣ። ጠረጴዛው ላይ ረጅም የእንጨት ሳጥን አለ። ሳጥኑ ላይ አንድ ቀጭን የብረት ክር ተወጥሯል፤ ከጎኑ ትንሽ ስፒከር ተቀምጣለች። የስፒከሯን ድምፅ በቁልፍ እያዞርን እናቀጥናለን ወይም እናወፍራለን፤ የድምፁ ቁጥር በመሣሪያው መስኮት ላይ ይነበባል። ክሩ ላይ የታጠፈች ቁራጭ ወረቀት ይቀመጣል። የስፒከሯ ድምፅ ከክሩ ጋር ሲገጥም ክሩ ራሱ ይንቀጠቀጥና ወረቀቷ ትዘላለች። ያኔ ቁጥሩን መጻፍ ነው።

ክሩ በመጀመሪያ ሙሉውን እንደ አንድ ሆድ ተነፍቶ ይርገበገባል። ድምፁን ስናቀጥነው ሁለት ሆድ ይሠራል፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አራት። መጽሐፉ እንደሚለው የሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያው እጥፍ ነው፤ የሦስተኛው ሦስት እጥፍ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሃርሞኒክ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የእኛ ሥራ እስከ ስድስተኛው ድረስ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ መለካት ነበር።

አስተማሪያችን ሰባ የሚጠጉ፣ በሁለቱም ጆሮዎቻቸው የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። “ወረቀቷን ተመልከቱ” ብለው አዘዙን። ክፍሉ በሙሉ ወረቀት ላይ አፈጠጠ። ወረቀቷ ግን አትታመንም፤ ትንሽ ቀደም ብላም ትዘላለች፣ ትንሽ ዘግይታም ትዘላለች። እኔ ደግሞ የተወጠረ ክር ሳይ እጄን በላኝ።

ልጅ ሆኜ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ክራር እጫወት ነበር። አሠልጣኛችን ቁጣው ቅርብ የሆነ ሰው ነበር። ሁለት ክር አብረን እንድንመታ ያደርገንና፣ “ስሙት፣ እየተጣሉ ነው” ይለናል። እውነቱን ነው፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ድምፁ ዋው ዋው ዋው እያለ ይርገበገባል። አንደኛውን ቀስ ብሎ ሲወጥሩት ርግብግቡ ይዘገያል፤ ዋው፣ ቆይቶ ዋው፣ ከዚያ ጭራሹን ይጠፋል። ያኔ፣ “አረፈ” ይላል። ሳያርፍ መድረክ የለም። አንዴ ካረፈ በኋላ ደግሞ ያንን ክር የነካ ወዮለት። የተቃኘ ክራር አይነካም፤ ይህ ሕግ አጥንቴ ድረስ ገብቷል።

ስለዚህ ወረቀቷን አንስቼ ጣልኳት። መጀመሪያ ክሩን ጣት ሳላሳርፍበት መትቼ የመጀመሪያውን ድምፅ አገኘሁ። የክሩን መሐል በጣቴ ጫፍ ነካ አድርጌ መታሁት፤ ሁለተኛው ድምፅ ብቻውን፣ ቀጭንና ንጹሕ ሆኖ ወጣ። እሱ ሳይጠፋ የስፒከሯን ቁልፍ ማዞር ጀመርኩ። ተጣሉ፣ ተጣሉ፣ ቀስ አሉ፣ አረፉ። “ጻፍ” አልኩት ጓደኛዬን። ከዚያ ጣቴን ከጫፉ ሢሶ ላይ፣ ከዚያ ሩብ ላይ፣ አንድ አምስተኛ ላይ፣ አንድ ስድስተኛ ላይ እያሳረፍኩ ቀጠልኩ። መቶ አሥራ ሁለት፣ ሁለት መቶ ሃያ አራት፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት እያለ እስከ ስድስት መቶ ሰባ ሁለት ሄደ። ጓደኛዬ ቁጥሩን ባየ ቁጥር ያፏጫል።

“ፎርሙ ሦስት ሙከራ ይላል” አለኝ ጨርሰን ስናበቃ። “ሪፒት እናድርገው?”

“ለምንድን ነው የምደግመው? አርፏል እኮ።”

“ሦስት ኮለም አለ።”

“እንግዲያው ሦስቱም ላይ እሱኑ ጻፈው።”

ጻፈው። ጥፋቴ እዚህ ጋ ነው፤ ያኔ ግን ጥፋት መሆኑ በሐሳቤም አልመጣም። ከክፍሉ ግማሽ ሰዓት ቀድመን ጨርሰን፣ ሰው ሁሉ ወረቀት ላይ አፍጥጦ ሳለ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

በታክሲው ወደ ቤት ሲያደርሰኝ ጓደኛዬ ሒሳቡን ነገረኝ።

“ጣትሽን ያሳረፍሽባቸው ቦታዎች በሙሉ ካልኩለስ ክላስ ውስጥ አሉ” አለኝ። “አንድ፣ ግማሽ፣ ሢሶ፣ ሩብ። ስሙም ሃርሞኒክ ሲሪስ ነው፤ ከክር ነው የወሰዱት።”

“ወስደው ምን ያደርጉታል?”

“ይደምሩታል። አንድ ሲደመር ግማሽ፣ ሲደመር ሢሶ፣ እንዲህ እያልሽ ቀጥዪ። የምትጨምሪው እያነሰ ይሄዳል አይደል? ድምሩ የሆነ ቦታ ስቶፕ የሚያደርግ ይመስልሻል።”

“ያደርጋላ።”

“አያደርግም። ሢሶና ሩብ ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ። ከነሱ ቀጥለው ያሉት አራቱም ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ። ቀጥለው ያሉት ስምንቱም እንደዚያው። ሁልጊዜ ሌላ ግማሽ ታገኛለሽ። የፈለግሽውን ትልቅ ቁጥር ጥሪ፣ ያልፈዋል። ቀስ ብሎ ነው እንጂ ያልፈዋል።”

በቀን ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ፣ የአረጋውያን አንሶላ ማድረቂያው ውስጥ እስኪደርቅ ቆሜ የማጠናት ነገር ትዝ አለችኝ። በጣም ደስ አለኝ።

“ሌላ ልጨምርልሽ” አለኝ። “ትናንት ኤርፖርት በስልሳ ሄጄ፣ ስኖው ሲጀምር በሠላሳ ተመለስኩ። አቬሬጄ ስንት ነው?”

“አርባ አምስት።”

“አርባ። መንገዱ ያው ነው፤ ግን ሲመለስ ብዙ ሰዓት ፈጀብኝ። ለዚህ ዓይነቱ አማካይ የሰጡትም ስም ሃርሞኒክ ነው።”

“ይሄ ሃርሞኒክ የማይገባበት የለም ማለት ነው” አልኩት። ስንስቅ ቤቴ ደረስን።

በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀታችን ሲመለስ ውጤት የለውም። ከላይ በቀይ፣ “ከክፍል በኋላ አግኙኝ” ይላል። ሌላው ተማሪ ወጥቶ ሲያልቅ አስተማሪው ወረቀቱን ፊታችን ዘረጉት።

“ይህን ሙከራ ለብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ” አሉ። “እንዲህ ያለ ቁጥር ያመጣ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ከመጠን በላይ ትክክል ነው።”

“ትክክል መሆን ጥፋት ነው?” አልኩ። ጓደኛዬ እጅጌዬን ጎተተኝ።

“ሦስት ጊዜ የለካ ሰው ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር አያገኝም። የሰው እጅ እንዲህ አይሠራም። የመጀመሪያውን ለክታችሁ ሌላውን በማባዛት የሞላችሁት ይመስለኛል።”

“በጆሮዬ ነው የለካሁት።”

“በጆሮ” አሉ፤ እጃቸው ሳይታወቃቸው ወደ መስሚያቸው ሄደ። ከዚያ ክፉ ባልሆነ ድምፅ፣ ጥርጣሬያቸውን ለኮሌጁ ዲን ማሳወቅ ግዴታቸው እንደሆነ፣ ያንን የሚያደርጉትም ሰኞ ማታ እንደሆነ ነገሩን። ከዚያ በፊት የምናሳያቸው ነገር ካለ ሰኞ ከሰዓት ላቦራቶሪው ውስጥ ይገኛሉ።

ቤት የገባሁት እየነደድኩ ነው። በሩን ስዘጋ ራሱ አፓርታማው ተናወጠ። ልጄ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር፤ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። እርሳሷን አስቀምጣ አየችኝና፣

“ማሚ፣ ዲድ ዩ ቺት?” አለችኝ።

“እኔ? እኔን ነው አጭበረበርሽ የምትዪኝ? አንድ በአንድ ለክቼዋለሁ።”

“ስሪ ታይምስ?”

“አንድ ጊዜ። አንዴ ካረፈ መድገም ምን ያደርጋል?”

“በት ዩ ሮት ስሪ” አለች፤ ሦስት ብለሽ ጽፈሻል ማለቷ ነው።

ገብቼ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ንዴቴ እንደ ወተት ግንፍል ብሎ ወጥቶ አልቆ ነበር፤ የቀረው እፍረት ነው። ሰውየው በቁጥሮቹ ተሳስተዋል፤ በሦስቱ ኮለም ግን አልተሳሳቱም። ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ያውም በሌላ ሰው እጅ አስጽፌ።

ለጓደኛዬ ደወልኩለት። “እኔ ነኝ ያስጻፍኩህ። ሰኞ ይህንን እነግራቸዋለሁ፤ አንተ የለህበትም” አልኩት።

“የጻፈው እጅ የእኔ ነው” አለኝ። “ነይ እስቲ፤ አብረን እንገባለን፣ አብረን እንወጣለን።”

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጸሎቴ አጭር ነበር። አፌ እውነቱን እንዲናገር፣ ጆሮዬ እንዳይከዳኝ። ሁለተኛው ነበር ይበልጥ ያስፈራኝ። ክራር ከነካሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ምናልባት የዚያን ቀኑ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ጆሮም ያረጃል። ወንበሬ ላይ ሆኜ የኳየሩን ድምፅ እያንዳንዱን ስለይ፣ ስብከቱ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰኞ ገብተን ሳንቀመጥ ተናገርኩ። “አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለካሁት። ሦስቱን ኮለም አንድ ቁጥር ሙላው ያልኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩ ግን የክሩ ነው።” አስተማሪው ተነስተው ሳጥኑን አመጡ።

የማላውቀው ድምፅ እንዲሆን የክሩን ውጥረት ራሳቸው ቀነሱት። የመሣሪያውን መስኮት በካርቶን ሸፈኑ፤ ቁጥሩን የሚያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጓደኛዬን ራቅ አድርገው በሩ አጠገብ አስቀመጡት። “ሁለተኛውን ፈልጊ” አሉኝ።

መሐሉን ነክቼ መታሁ። ምንም የለም። ማሞቂያው ከጣሪያው ላይ ያጓራል፣ ልቤም ከማሞቂያው አይተናነስም። ደግሜ መታሁ፤ ርግብግቡን ልይዘው አልቻልኩም። አልትራሳውንዱ ሲሄድ ታየኝ፤ የዚያች ባለሙያ ጋሪ ኮሪደሩን ይዞ ሲርቅ።

“ማሞቂያውን ማጥፋት ይቻላል?” አልኩ።

አጠፉት። ዝም ሲል ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሳጥኑ እንጨት ላይ ለጠፍኩ። ክሩን መታሁ። መጣ፤ ዋው ዋው ዋው። ቁልፉን የፀጉር ውፍረት ያህል አዞርኩ። ዋው። ጠበቅሁ። ዋው። ሌላ ትንሽ። አረፈ።

“እዚህ ጋ” አልኩ። እሳቸው ጻፉ፣ ቁልፉን እንዳሻቸው ወዲያ ወዲህ አሽከረከሩትና፣ “እንደገና” አሉ። ደግሜ አገኘሁት። አሽከረከሩት። ሦስተኛ ጊዜ አገኘሁት። ከዚያ ጣት ሳላሳርፍ የመጀመሪያው፣ ቀጥሎ ሢሶው፣ ሩቡ፣ እስከ አንድ ስድስተኛው፤ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ። ሳላስበው ከአንገቴ ቀና ብዬ ነበር፤ ከእንጨቱ ላይ መለጠፍ አላስፈለገኝም። ክሩ እየጠራኝ እመልስለታለሁ። ደስ ይለኝ ጀመር፤ ለምን እንደመጣሁ ራሱ ረስቼ ነበር።

ሲያልቅ ካርቶኑን አነሱና ከወረቀታቸው አነበቡልኝ። ለሁለተኛው መቶ ዘጠና አራት ነጥብ ስድስት፣ ነጥብ አምስት፣ ነጥብ ሰባት። ለሦስተኛው ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ነጥብ ዘጠኝ፣ ነጥብ ስምንት፣ ሁለት መቶ ዘጠና ሁለት። ሌሎቹም እንደዚያው፤ ሦስቱ ሙከራዎች የሚለያዩት በፀጉር ያህል ነው፣ ግን ይለያያሉ። ያ ሁሉ ኩራቴ ለካ የአንድ አሥረኛ ስሕተት ነበረበት። አሠልጣኛችን አረፈ ሲል፣ ትንሽ ሳያርፍም ኖሯል ማለት ነው።

“እንዴት ነው የምታደርጊው?” አሉኝ።

እጃቸውን ያዝኩና መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አደረግሁት። ከሁሉ ወፍራም የሆነውን፣ የመጀመሪያውን ድምፅ መርጬ ክሩን መታሁ፤ ስፒከሯን ሆን ብዬ በትንሹ አዛነፍኳት። እንጨቱ መዳፋቸው ሥር ይመታል፤ ዱብ ዱብ ዱብ። ቁልፉን ቀስ እያልኩ አዞርኩ። ምቱ ዘገየ። ዱብ። ቆይቶ ዱብ። ቆመ።

እጃቸውን አላነሱም። “ድገሚው” አሉ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜም አስደገሙኝ። ከዚያ በዝግታ፣ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ይህ ሙከራ በዓይን ብቻ የሚሠራ እየመሰላቸው እንደኖረ ነገሩኝ። በሩ አጠገብ ጓደኛዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር፤ የሚስቅ መሰለኝ፣ ሳየው እንባውን እየጠረገ ነው።

ለዲኑ ሪፖርት አላደረጉም። ለመጀመሪያው ወረቀት ዜሮ ሰጡን፤ ያልሠራነውን ጽፈናልና አልተከራከርንም። የሰኞውን አዲስ ወረቀት አድርገው ተቀበሉን፤ ሙሉ ውጤት። በሚቀጥለው ሳምንት ከቁም ሣጥኔ ላይ ክራሬን አውርጄ፣ አቧራውን ጠርጌ ክፍል ይዤ ሄድኩ። ሃያ ስድስት ተማሪ ወረቀቱን ጥሎ ጆሮውን ሳጥን ላይ ለጠፈ። አስተማሪው በጠረጴዛዎቹ መሐል እየዞሩ በየሳጥኑ ላይ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ። ልጄ ውጤቴን ስታይ፣ “ስሪ ታይምስ?” አለችኝ። “አሥራ ስምንት ጊዜ” አልኳት።

ፕሮግራሙ ተቀበለኝ። ትምህርቱን በጀመርን ሳምንት አሠልጣኟ የአንድ ሰው ሐሞት ከረጢት እያሳየችን ነበር፤ ምስሉ ጭጋጋም ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫን ጭጋጉ ተገፈፈና ጠርዙ ጥርት ብሎ ወጣ። ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ጎንበስ ብዬ አነበብኩ፤ ሃርሞኒክ ይላል። ማሽኑ አንድ ድምፅ ወደ ሰውነት ይልካል፤ ሥጋችን ደግሞ የዚያን ድምፅ እጥፍ ጨምሮ ይመልሳል። ሲመለስ ማሽኑ የላከውን ትቶ እጥፉን ብቻ ያዳምጣል። ክሩን መሐሉ ላይ ነክቼ ያወጣሁት ሁለተኛው ድምፅ ማለት ነው። ክፍሉ ፀጥ ባለበት ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ምን ሆንሽ ሲሉኝ ለማስረዳት አልሞከርኩም።

ሥራ በጀመርኩ ዓመት አንዲት የኦሮራ ነፍሰ ጡር፣ የአገሬ ልጅ፣ አልጋው ላይ ተኝታ ነበር። የፅንሱን ርዝመት ለካሁ፤ መመርመሪያውን አነሳሁና ደግሜ ለካሁ፤ ሦስተኛም ለካሁ።

“ምነው እኅቴ ደጋገምሽው?” አለችኝ ፈርታ። “ችግር አለ እንዴ?”

“ኧረ የለም፤ ለሁሉም ሰው ሦስት ጊዜ ነው የምለካው” አልኳት።

ሦስቱን ቁጥሮች አየኋቸው። አንድ ዓይነት ነበሩ። አራተኛ ለካሁ።